ቤት ያደረበት መሬት

አንድ ነጋዴ ነበር፤ ስሙ ኡርቃቶ ይባላል። የሚኖረው ቀርከሃና እንሰት በሚበቅልበት፣ ጉም እስከ ረፋድ በማይገለጥበት ደጋ ላይ ነበር። ከቆላ ጨውና ጥጥ ያመጣል፣ ወደ ቆላ ማርና ቅቤ ያወርዳል። ሀብታም ነበር፤ ሀብታም ሆኖም አይጠላም። ሁለቱ አብረው የሚገኙት ከስንት አንዴ ስለሆነ አገሩ ይኮራበት ነበር። ሚዛን አይሰርቅም፣ ለቅሶ አይቀርም፣ የተቸገረ ሲያይ እጁ አይታጠፍም። ይህ የክፉ ሰው ታሪክ አይደለም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ማንም ስለማይከተለው ጥፋቱ ከአጥሩ ባላለፈ ነበር።

የዚያ አገር ሰው ቤት የሚሠራው ከቀርከሃ ነው። ቀርከሃውን ሰንጥቆ እንደ ትልቅ እንቅብ ይጎነጉነዋል፤ አዲስ ሲሆን ቤቱ በጣም ረጅም ነው። እያደር ምስጥ እግሩን ይበላዋል። ባለቤቱ ከምስጡ ጋር አይጣላም፤ የተበላውን ቆርጦ ይጥልና ቤቱን ዝቅ ያደርገዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ቤቱ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ያጥራል። እግሩ በጣም ሲበላ ደግሞ ጎረቤት ይጠራል። ወንዶቹ ከግርጌው አጣና አሾልከው፣ አንዱ እያዜመ ሌላው እየተቀበለ፣ ቤቱን እንዳለ ያነሱና ወደ ሌላ የግቢው ጥግ ይወስዱታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ቤቱ ሲነሳ ክብ መሬት ይቀራል። በዚያ መሬት ላይ ከብት አድሮበታል፣ አመድ ተደፍቶበታል፣ ምስጥ የበላው ቀርከሃ በስብሶበታል። አፈሩ ጥቁርና ልል ነው፤ እጅ ቢሰዱበት እስከ አንጓ ይገባል። የአገሩ ሰው «ቤት ያደረበት» ይለዋል። የተዘራበት ሁሉ ስለሚያፈራ በአካባቢው ከዚያ የሚበልጥ መሬት የለም።

በአገሩ ልማድ ቤት ያደረበት መሬት የመጀመሪያ አዝመራው የባለቤቱ አይደለም። ማሳ ለሌለው ሰው ይሰጣል። ማን እንደሚያገኘው ሸንጎው ይወስናል፤ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ መሬቱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። በየዓመቱ የሚነሳ ቤት አይታጣም፤ ስለዚህ ማሳ የሌለው ሰው የሚዘራበት አጥቶ አያውቅም። ልማዱን ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም። ምናልባትም ብልህ ሰው ሳይሆን የተራበ ሰው ይሆናል የጀመረው።

በዚያ መንደር ባሎቴ የምትባል ባልቴት ነበረች። የባሏን ማሳ ከባሏ ሞት በኋላ ናዳ ይዞት ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ስትኖር የቆየችው ቤት ያደረበት መሬት ላይ ገብስ እየዘራች ነው፤ አንዱን ዓመት ከአንዱ ግቢ፣ ሌላውን ዓመት ከሌላው ግቢ። ዓይኗ ከምድጃ ጭስ ብዛት ቀልቷል፤ ፀሐይ ላይ ስትወጣ ዕንባዋ ይፈስሳል። ግን ለምና አታውቅም። ማንም ሰው «በባሎቴ ላይ ውለታ አለኝ» ሊል አይችልም ነበር፤ ይህንንም እሷ ከገብሱ አስበልጣ ትወደው ነበር።

በዚያ ዓመት የሚነሳው ቤት የኡርቃቶ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ቤቱ የአባቱ ነበር፤ አጥሮ አጥሮ ሰው ጎንበስ ሳይል የማይገባበት ደረጃ ደርሷል። የቆመበትም ቦታ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ቤት ሲመላለስበት የኖረ ስለሆነ አፈሩ ልዩ ነበር። ሸንጎው ቦታውን ለባሎቴ ሰጥቷል። ባሎቴም ዘሯን አሰናድታ ትጠብቅ ነበር።

ኡርቃቶ ግን ቆላ ወርዶ ሳለ አንድ ነገር ሰማ። ባደረበት ቤት አንድ የተማረ እንግዳ ስለ ምድር ሕመም ሲናገር አምሽቷል። ሰዎች የሚሠሯቸው ቤቶች ደን እንደሚጨርሱ፣ ምድጃቸው ሰማዩን እንደሚያከስል፣ ዝናብ ከወቅቱ እየሸሸ ያለው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ተናገረ። የተናገረው እውነት ነበር። ኡርቃቶም ቅን ሰው ስለሆነ ነገሩ ከነከነው። የራሱ ቤት ቀን ከሌት ሲጨስ ታየው። መንገዱን ሁሉ ሲያስብበት ሄዶ አገሩ ሲገባ ቆርጧል፤ ከምድር ጋር የሚስማማ፣ ጭስ የማያውቅ፣ ቶሎ ቶሎ ቀርከሃ የማያስቆርጥ ቤት ይሠራል።

ከከተማ ግንበኞች አስመጣ። ጎረቤቶቹን ጠርቶ አሮጌውን ቤት ወደ ግቢው ጀርባ አስነሳና የበግ ማደሪያ አደረገው። ያን ቀን ድግሱ ትልቅ ነበር። ሰው በልቶ ሲጨርስ ተነስቶ እንዲህ አለ፦

«ከእንግዲህ ለእኔ ቤት ትከሻችሁ አይላጥም። የምሠራው ቤት ምስጥ አይበላውም፣ አይነሳም፣ አይጎተትም። ለዘላለም ያርፋል፤ እናንተም ታርፋላችሁ።»

ሰው እልል አለ። ትከሻው የቆሰለበት ሁሉ መረቀው። ከመራቂዎቹ መካከል ባሎቴም ነበረች፤ ቤቱ የት እንደሚያርፍ ገና አልሰማችም።

ቤቱ ያረፈው እዚያው ነው። ግንበኞቹ ግቢውን ሲዞሩ ፀሐይ ከጧት እስከ ማታ የማይለየው ያ ቦታ ብቻ ሆኖ አገኙት፤ ለሶላር ከዚያ የሚሻል የለም አሉ። አንድ ነገር ብቻ አልወደዱም። ቆፍረው ቆፍረው አፈሩ ልል ሆነባቸው። «ይህ አፈር ቤት አይሸከምም» ብለው ቀይ ጠንካራ መሬት እስኪያገኙ ድረስ ጥቁሩን አፈር ዛቁት፤ በጋሪ እየጫኑም ከግቢው ጀርባ ካለው ገደል ጨመሩት። በጉድጓዱ ድንጋይና ሲሚንቶ ሞሉበት። ኡርቃቶ ያን ሰሞን ለጨው ወርዶ ነበር። ተመልሶ ጠንካራውን መሠረት ሲያይ ደስ አለው እንጂ ከውስጡ ምን እንደወጣ አልጠየቀም። ሰው ቤት ሲያሠራ የሚያየው የሚገባውን ነው፤ የሚወጣውን የሚያይ ጥቂት ነው።

ስለ ባሎቴም አላሰበም ማለት አይቻልም። አስቦላታል። እህል እሰጣታለሁ ብሎ ወስኗል፤ እሷ ከምትዘራው የሚበልጥ እህል። ነገሩን ለመንገር ቤቱ እስኪያልቅ ጠበቀ።

እውነቱን ለመናገር ቤቱ ሲያልቅ ጥሩ ቤት ነበር። ከመሠረቱ በላይ ግድግዳው የተጠቀጠቀ ወፍራም አፈር ነው፤ የቀኑን ሙቀት ይዞ ስለሚያድር ለማሞቂያ እንጨት አይፈጅም። ከጣሪያው የሚወርደው ዝናብ ታንከር ውስጥ ይጠራቀማል። ሶላሩ ለመብራት ይበቃል። ምድጃው ጭሱን በቧንቧ ያወጣል፤ የሚበላውም የቀድሞውን ሲሶ ያህል እንጨት ነው። ሰው ሁሉ እየገባ አየ። ባሎቴም ገባች። ምድጃ ጥግ ተቀምጣ ዓይኗ ሳያነባ ስታወራ ራሷን አገኘችው፤ ይህ ሆኖላት አያውቅም ነበር። ወደ ደጅ ስትወጣ ግን የግድግዳውን ሥር እያየች በቤቱ ዙሪያ ዞረች። አንዴ ዞራ ወደ ቤቷ ሄደች።

ብዙ ሳይቆይ ሸንጎ ተጠራ። ጉዳዩ የኡርቃቶ ቤት ነበር። ወጣቶቹ እንዲህ ያለ ቤት ለሁሉም ይሠራ አሉ። ኡርቃቶም ግንበኞቹን አመጣለሁ፣ ከወጪውም አግዛለሁ ብሎ ቃል ሰጠ። እሱ የፈለገው ምስጋና ብቻ አልነበረም፤ አገሩ ሁሉ ለምድር ወዳጅ እንዲሆን ከልቡ ይመኝ ነበር። በዚያ ሸንጎ ደንብ አንድ ሰው እንኳ «ቅር ብሎኛል» ካለ ነገር አይጸናም። የሸንጎው ሽማግሌ እንደ ደንቡ ቅር ያለው ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ማንም ይናገራል ተብሎ አልተጠበቀም። ባሎቴ ተነሳች።

«ቤቱን ለመንቀፍ አልመጣሁም» አለች። «ዓይኔ ያረፈው እዚያ ቤት ውስጥ ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ዘንድሮ የት ልዝራ?»

ሸንጎው አፈረ፤ ለእሷ የሰጡትን ቦታ ሁሉም ረስተውት ነበርና። ኡርቃቶ ፈጥኖ ተነስቶ ያሰበላትን ነገራት። ከጎተራው በየዓመቱ እህል እንደሚሰፍርላት፣ ያውም ከቀድሞው አብልጦ እንደሚሰጣት፣ ከእንግዲህ መቆፈር እንደማያስፈልጋት በአክብሮት አስረዳት።

«ልጄ፣ እጅህ ይባረክ» አለችው። «ግን ያንተ እህል አንተ ደህና እስካለህ ድረስ ነው። መሬቱ ግን ማን ሞተ ማን ከሰረ ሳይል ያበላኝ ነበር። ደግሞ ማንንም ቀና ብዬ እንዳላይ አድርጎኝ አያውቅም። ዛሬ እኔ ነኝ፤ የሁሉም ቤት እንዳንተ ከሆነ ነገ ማሳ ያጣ ሁሉ ከአንድ ሰው ጎተራ ሥር ይቆማል።»

ኡርቃቶ ከፋው። ደግ ሰው ደግነቱ ሲመለስበት ከማንም በላይ ይከፋዋል። ግን የሚመልሰው አላጣም። መሬት ነው የጎደለዎት ወይ አላት፤ መሬቱ እኮ አልጠፋም። ጎረቤት እንደነገረኝ ግንበኞቹ ያወጡት ጥቁር አፈር ከገደሉ ሥር አለ፤ አስጭኜ ከግቢዬ በሌላ በኩል አስደለድልልዎታለሁ፣ ለሚቀጥሉትም ቤቶች እንዲሁ ይደረጋል አለ። ሸንጎው በዚህ ደስ አለው። ሽማግሌው አፈሩ ሲመጣ ነገሩ ይጸናል ብለው ቀጠሮ ሰጡ። የባሎቴ ዘር ከቋቷ እንደተቀመጠ ቀረ፤ የዘር ጊዜውም እያለፈ ነበር።

በማግስቱ ኡርቃቶ በቅሎውን ይዞ፣ ጆንያ ጭኖ ወደ ገደሉ ወረደ። ከገደሉ ሥር ያገኘው የታጠበ ድንጋይ ነበር። በመካከሉ የበልግ ዝናብ ዘንቦ አልፏል። ጎርፉ የሄደበትን መንገድ ተከተለ፤ እዚህ ያዝ ይሆናል፣ እዚያ ተከምሮ ይሆናል እያለ ወንዙን ይዞ ቁልቁል ወረደ። አንዳንድ ቦታ ድንጋይ ላይ የተለጠፈ ጥቁር ነገር ያያል፤ በጣቱ ሲፍቀው ያልቃል። እንዲህ ሲል ለንግድ የሚወርድበት ቆላ ደረሰ።

ወንዙ በሚተኛበት ሜዳ አንድ የቆላ ገበሬ በቆሎ ይኮተኩታል። በቆሎው ከሰው በላይ ነበር። ኡርቃቶ አፈሩን አየና አወቀው። የከሰል ስባሪ፣ የቀርከሃ ስንጣሪ ተቀላቅሎበታል። ዝቅ ብሎ በእጁ አፈሰው። ገበሬው የሚያደንቅ መስሎት አጠገቡ መጣ።

«ዘንድሮ ከላይ የመጣልን ደለል ነው» አለው። «ለደጋ ሰው ምን ውለታ እንደዋልንለት እንጃ። ብቻ የላከልን ሰው ዕድሜ ይስጠው።»

ኡርቃቶ አሜን ማለት አልቻለም። ያን አፈር ለመሥራት የአባቱ ከብቶች፣ የአያቱ አመድ፣ የቅድመ አያቱ ቀርከሃ እንደፈጀ ያን ሰዓት ነው የገባው። ቤቱን ሲያሠራ ምን ያህል እንጨት እንደተረፈ፣ ምን ያህል ውሃ እንደተጠራቀመ፣ ጭሱ ምን ያህል እንደቀነሰ አስልቷል። ቤቱ ከመቆሙ በፊት የተጣለውን ግን ቆሻሻ ነው ብሎ አልፎታል። በጣም አዘነ። ገበሬውን አስፈቅዶ አንድ ጆንያ ሞልቶ በበቅሎው ጫነ፤ አቀበቱንም ከበቅሎው ጎን በእግሩ ወጣው።

መንደር ሲገባ ወጣቶች አዩት። ጨው የሚያመጣው ነጋዴ ዛሬ አፈር ጭኖ መጣ ብለው ሳቁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ያለም አለ፤ ይህን ያሉት እነዚያው ከጥቂት ቀን በፊት የእሱ ዓይነት ቤት ካልተሠራልን ያሉት ናቸው። ኡርቃቶ ጆንያውን ባሎቴ ደጅ አወረደው። ባሎቴ ከፍታ አየችው። ከየት እንዳመጣው ሲነግራት አልሳቀችበትም፤ አልገሠጸችውም። ከአጥሯ ሥር አፍስሳ ጎመን ተከለችበት። ለገብስ አይበቃም ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሸንጎው ተሰበሰበ። ሽማግሌው ቅር ያለው ሰው አለ ወይ ብለው እንደገና ጠየቁ። ሰው ሁሉ ወደ ባሎቴ ዞረ። ባሎቴ አልተነሳችም። የተነሳው ኡርቃቶ ነው።

«እኔን ቅር ብሎኛል» አለ። «ስለ ቤቴ የተናገርኩት ግማሹን ነው። ከምድር ምን እንደማይወስድ ነገርኳችሁ፤ ምን እንደወሰደ ግን እኔም አላወቅሁም ነበር።»

ከዚያ ያየውን ሁሉ ተናገረ። ሸንጎውም ብዙ ከተከራከረ በኋላ ወሰነ። ሶላሩም ታንከሩም ጭሱን የሚያወጣው ቧንቧም ለሁሉም ቤት ይምጣ፤ የሴቶቹ ዓይን ይዳን። ነገር ግን ጎረቤት የማያነሳው ቤት አይሠራ፤ ጥቁር አፈርም ከግቢ አይውጣ። አንድ ችኩል ሰው የኡርቃቶ ቤት ይፍረስ አለ። ሽማግሌው ሲሚንቶውን የት ልትጥለው ነው ብለው ጠየቁት። ሰውየው ተቀመጠ። ቤቱ ባለበት ቀረ።

በዚያ ዓመት ባሎቴ አልዘራችም። ሌላ የሚነሳ ቤት አልነበረም፤ ብዙ ሰው የኡርቃቶን ዓይነት ቤት አገኛለሁ ብሎ የቤቱን መነሳት አዘግይቶ ነበር። የኡርቃቶን እህል በላች። አመሰገነችው፤ ስታመሰግን ግን ድምፅዋ ዝቅ ይል ነበር፤ ኡርቃቶም ይህን እየሰማ ያፍር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሰዎች እንደ ቀድሞው ቤታቸውን ማስነሳት ጀመሩ፤ ዓመት ያረፈ ትከሻ መጀመሪያ ላይ አጉረመረመ፣ ከዚያ ለመደ። ባሎቴም ወደ ገብሷ ተመለሰች።

ዓመታት አለፉ። የንግዱ መንገድ በሌላ ተራራ በኩል ሄደ። ገበያው ተከተለው፤ የኡርቃቶ በቅሎዎች አንድ በአንድ ተሸጡ፣ ጎተራው ባዶ ሆነ። ከአባቱ የወረሰው ያን ግቢ ብቻ ነበር። ለነጋዴ ማሳ ምን ያደርግለታል ብሎ ሌላውን ለወንድሞቹ ትቶታል። ከግቢው ደህናው ቦታ በድንጋይና በሲሚንቶ ተይዟል፤ የቀረው በጎችም የማይግጡት ጠጠር ነው። ቤቱ አሁንም ያምር ነበር። መብራቱ ይበራል፣ ታንከሩ ውሃ አለው፣ ጭስ የለውም። በምድጃው ላይ የሚጣድ ግን እየጠፋ መጣ።

በዚያ ዓመት የተነሳው ቤት የአንድ ሸማኔ ነበር። ሸንጎው ማሳ የሌለው ሰው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። የባሎቴ ስም እንደ ወትሮው ተጠራ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው የኡርቃቶን ስም ጠራ። ኡርቃቶ ራሱን አቀረቀረ። መጀመሪያ ላይ የተናደደ መስሏቸው ነበር፤ ቆይተው ሲያዩት ግን ያፈረ ነው። ሽማግሌው ሁለት ሰው ለአንድ ቦታ ሲቀርብ የባሰበት ይወስዳል አሉ። ከሁለቱ ማን እንደባሰበት ግን ለመናገር ከበዳቸው።

«ለእማማ ባሎቴ ይሰጥ» አለ ኡርቃቶ። «እኔ ማሳ ያጣሁት በገዛ እጄ ነው።»

ባሎቴ በጣም አርጅታለች። በዱላዋ ተደግፋ ተነሳች።

«ራብ በማን እጅ እንደመጣ አይጠይቅም» አለች። «የሸማኔው ቤት ሰፊ ነበር። ለሁለት ይበቃል።»

በሚቀጥለው ቀን ሁለቱ በክቡ መሬት ላይ ተገናኙ። እሷ መቆፈር አልቻለችም፤ እሱ አላወቀበትም። እሷ እያሳየችው እሱ ቆፈረ። ዶማው ሳይከብደው ገባ። አፈሩን በእጁ ሲያፍሰው ከውስጡ የከሰል ስባሪ፣ የክር ቁራጭ፣ የበሰበሰ ቀርከሃ አገኘ። ሸማኔው ለእሱ ብሎ ያስቀመጠው አንድም ነገር አልነበረም። ሸማኔው ኖሯል፣ ምድጃውን ጠርጓል፣ ከብቱን አሳድሯል፣ ከዚያ ተነስቷል፤ ይኸው ነው። የገዛ ራሱ ቤት ግን እንኳን ለሌላ ለባለቤቱም አንድ እፍኝ ገብስ ማብቀል አልቻለም። ኡርቃቶ እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ባሎቴ እስኪበቃው ጠበቀችው፤ ከዚያ ዘሩን ሰጠችው።

ገብሱ በቀለ። ኡርቃቶ በዚያ ዓመት የበላው የሌላ ሰው ቤት ለምድር የተወውን ነው።

ታሪኩን የነገሩን ሰዎች ቤት ሁሉ ከቀርከሃ ይሠራ ለማለት አልነገሩንም። ቀርከሃ የማይበቅልበት አገር ብዙ ነው፤ የጭስ ዕንባም በጎ ነገር አይደለም። የሚሉት ይህን ነው፦ ቤት ከምድር ጋር የሚስማማው ጥቂት ስለበላ ብቻ አይደለም። እንግዳ ጥቂት በልቶ ቤት አበላሽቶ ሊሄድ ይችላል። ቤት የምድር ወዳጅ ነው የሚባለው ሲመጣ ምን እንዳስነሳ የሚያውቅ፣ ሲሄድም ከእሱ በኋላ ለሚመጣው የሚያበቅል ቦታ የሚተው ሲሆን ነው። ሶላሩና ታንከሩ መልካም ናቸው፤ ከመሠረቱ ሥር ወጥቶ የተጣለውን አፈር ግን አይመልሱም። ያ አፈር ደግሞ ሁልጊዜ የሚጠብቀው ሰው አለው፤ ዘሩን አሰናድቶ፣ ተራዬ ደረሰ ብሎ የተቀመጠ ሰው።

እኛስ ዛሬ የተቀመጥንበት ቤት ሲሠራ ከሥሩ የወጣው ነገር የት ሄደ? በላዩ ሊዘራ የነበረውስ ሰው አሁን የት ነው ያለው?